የእንጨት ሥራ ሥልጠና ሐይቁንም ያስብ

በጣና ዙሪያ የእንጨት ሥራ የሚሠለጥን ወጣት በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ሠርቶ መመረቁ ደግ ነው። 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሸፍን ሐይቅ ዳር ተምሮ ጀልባ መሥራት ሳይችል ከወጣ ግን ሥልጠናው ጎዶሎ ነው።

የውኃው ሥራ ብዙ ነው። ዓሣ አጥማጁ፣ ማገዶ ጫኙ፣ ወደ ደሴት ገዳማት የሚሻገረው ሁሉ ተንሳፋፊ ይፈልጋል። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ለዘመናት አገልግሏል፤ ሆኖም ውኃ እየጠጣ በጥቂት ወራት ያረጃል። አሁን ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝ አቅም ያለው፣ በሕዳሴ ግድብ የተፈጠረው የንጋት ሐይቅ ተጨምሯል።

የጀልባ ሥራ ለአናጺው የሚሰጠው ትምህርትም ቀላል አይደለም። ቁም ሣጥን በማዕዘን መለኪያ ይሠራል፤ የጀልባ ጎን ግን ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ተማሪው ቅርጹን በሙሉ መጠኑ ወለል ላይ ይነድፋል፣ ሳንቃውን በእንፋሎት አለስልሶ ያጎብጣል፣ ስፌቱን በጥጥ ይደፍናል። ስህተቱንም ውኃው በመጀመሪያው ቀን ያጋልጥበታል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የሰሜን ምዕራብ የእንጨት ጀልባ ሥራ ትምህርት ቤት ሙያው በመደበኛ ትምህርት ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል። ዴንማርክ፣ ፊንላንድ፣ አይስላንድ፣ ኖርዌይና ስዊድን ደግሞ ሳንቃ በሳንቃ ላይ ተደርቦ የሚሠራውን የጀልባ ጥበባቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ አስመዝግበዋል።

«ዘመኑ የፋይበርግላስና የብረት ነው፤ እንጨትም ውድ ነው» የሚል ወገን ይኖራል። እውነት አለው። ይሁን እንጂ የፋይበርግላስ ጀልባ ቅርጽ ማውጫ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በእንጨት ሠራተኛ እጅ ነው። የእንጨቱ ጉዳይም በችግኝ ተከላና በቁጠባ የሚፈታ እንጂ ሙያውን የሚያስቀር አይደለም። አገር በቀል ዛፍን መጨፍጨፍ ግን ማንም ሊፈቅደው አይገባም።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። በሐይቆቻችን ዳር ያሉ ኮሌጆች ጀልባ ሥራን በእንጨት ሥራ ክፍላቸው ውስጥ ያካትቱ። የታንኳ ባለሙያ አባቶች በክፍያ አሠልጣኝ ይሁኑ፤ ዲፕሎማ የላቸውም ተብሎ በር አይዘጋባቸው። የብቃት ምዘናውም በወረቀት ሳይሆን ጭነት በተሸከመ ጀልባ፣ በውኃ ላይ ይሁን። የተሳፋሪ ሕይወት የሚጫንበትን ጀልባ ያልተፈተነ እጅ ሊሠራው አይገባም።