ውኃና ቅቤ የማይስማሙበት ምክንያት

በየቤታችን ዘወትር የምናየው ነገር ሁሉ የታወቀ ይመስለናል፤ ነገር ግን ምክንያቱን የሚጠይቀን ልጅ ቢነሣ ብዙ ጊዜ መልስ እናጣለን። ጨው ውኃ ውስጥ ቢጨምሩት ወዲያው ሟሙቶ ይጠፋል፤ ቅቤ ግን ቀኑን ሙሉ ቢያማስሉት ተመልሶ ከላይ ይንሳፈፋል። ውኃ ከጨው ጋር ተስማምቶ ከቅቤ ጋር የተጣላበት ነገር ምንድር ነው? መልሱ ለቤተ ሰብ ጤና የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ ዛሬ በዚህ ገጽ ልንገልጸው አሰብን።

ውኃ ብቻውን የቆመ ፍጥረት ሳይሆን የሁለት ነገሮች ውሕድ መሆኑን የእንግሊዙ ሊቅ ካቨንዲሽና የፈረንሳዩ ሊቅ ላቩዋዝዬ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780ዎቹ አስረድተዋል። ሊቃውንት ሞለኪዩል የሚሏት አንዲቱ የውኃ ቅንጣት ከአንድ ኦክሲጅንና ከሁለት ሃይድሮጅን የተሠራች ናት። ሁለቱ ሃይድሮጅኖች በግራና በቀኝ ትይዩ የቆሙ አይደሉም፤ እንደ በሬ ቀንድ በ104 ዲግሪ ተኩል ማዕዘን ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ናቸው እንጂ። ኦክሲጅንም የስበት ኀይሉ ብርቱ ስለ ሆነ የጋራቸው የሆነውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ያደላዋል። ስለዚህ በእርሱ ወገን ጥቂት ነጌቲቭ፥ በሃይድሮጅኖቹ ወገን ጥቂት ፖዚቲቭ የሆነ ኤሌክትሪክ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ባለ ሁለት ዋልታ ጠባይ የመረመረው የኔዘርላንድስ ተወላጅ ፔተር ደባይ በ1936 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል።

ከዚህ የተነሣ የአንዲቱ ቅንጣት ራስ የሌላይቱን ጅራት እየሳበ ሁሉም ተያይዘው ይኖራሉ። በኦክሲጅን ፋንታ ድኝ የገባበት አንድ የውኃ ዘመድ አለ፤ ክብደቱ የውኃን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፥ ከዜሮ በታች በ60 ዲግሪ ገደማ ፈልቶ ይተናል፤ ውኃ ግን በባሕር ጠረፍ እስከ 100 ዲግሪ ይታገሣል። ይህ መያያዝ ባይኖር ኖሮ ወንዝና ባሕር ሁሉ ተን ሆኖ በቀረ ነበር።

ጨውም ፖዚቲቭና ነጌቲቭ ከሆኑ ቅንጣቶች የተገነባ ነውና፥ ውኃ በሁለቱም ዋልታው እየሳበ ይለያያቸዋል፤ መሟሟት የምንለው ይህ ነው። ቅቤ ግን እንዲህ ያለ ዋልታ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የውኃ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ከማኅበራቸው ያስወጡታል።

በሁለቱ መካከል የሚገባው አስታራቂ ሽማግሌ ሳሙና ነው። የሳሙና ቅንጣት አንዱ ጫፏ ውኃን፥ ሌላው ጫፏ ቅባትን ስለሚወድ፥ ቅባቱን ከብባ ይዛ ከውኃው ጋር ታስወግደዋለች። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ሸማ ያጠቡበት እንዶድም ሥራው እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለዓለም አስታውቀዋል። ነገር ግን እንዶድ ቢጠጡት መርዝ ነውና ከልጆች እጅ ይራቅ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ምክራችን እንመለስ። በማዕድ ፊት በማንቆርቆሪያ ውኃ አፍስሶ እጅ ማስታጠብ የተከበረ ልማዳችን ነው። ሆኖም ውኃ ብቻውን ቅባትን ማንሣት ስለማይሆንለት፥ ከቅባቱ ጋር የተጣበቀው እድፍና በዓይን የማይታየው የበሽታ ዘር ከጣት ላይ ይቀራል፤ እጁ የታጠበ መስሎት ሕፃኑን የሚያጎርስ ሰውም ተቅማጥን አብሮ ሊያጎርሰው ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያስጨነቀው የኮሮና በሽታ ዘር እንኳ የለበሰው ልብስ ቅባት ስለ ሆነ፥ ሳሙና ቀዶ ያጠፋዋል።

ስለዚህ በየቤታችሁ ከማንቆርቆሪያው አጠገብ ሳሙና እንዳይታጣ፥ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላም ትልቁም ትንሹም ቢያንስ 20 ሰከንድ ያህል እጁን እያሸ እንዲታጠብ እናሳስባለን። የሳሙና ዋጋ ጥቂት ነው፤ የልጅ ዋጋ ግን በምንም አይተመንም።