ሆድ ሻጋታን አይለምድም

በቅርቡ ታትሞ ያነበብኩት ጽሑፍ «የጎጃም ገበሬ ሻጋታ የነካው በቆሎ ሲበላ ስለኖረ አንጀቱ ለምዶታል» ይላል። ይህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው።

የአንጀት መከላከያ ጀርምን ለይቶ ይዋጋል። ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ ግን እጅግ ረቂቅ ኬሚካል ስለሆነ መከላከያው እንደ ጠላት አያየውም። ሰተት ብሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ጉበት ሊያስወግደው ሲሞክር ዘረመልን ወደሚጎዳ መልክ ይለውጠዋል። ሌሎቹ የሻጋታ መርዞች፣ ፉሞኒሲንና ዲኦክሲኒቫሌኖል፣ ደግሞ የአንጀትን አጥር ራሱን ያፈርሳሉ፤ የአንጀት ሴሎችን ያያያዘው ማሰሪያ ይላላል፣ ባክቴሪያ ሾልኮ ይገባል፣ አንጀት ይቆጣል። ሲደጋገም መከላከያው ይዳከማል እንጂ አይጠነክርም። እ.ኤ.አ. በ2004 ኬንያ ውስጥ 125 ሰው የገደለው በአፍላቶክሲን የተበከለ፣ የዕለት ምግባቸው የነበረው በቆሎ ነው።

ጎጃም ውስጥ ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ይሻግታል። ጸሐፊው «የባሰበት ለጠላ ይሁን» ይላሉ። ማመስም መጥመቅም አፍላቶክሲንን ጨርሶ አያጠፋውም! አተላውን የጠጣች ላም በወተቷ ታወጣዋለች፤ ወተቱን የሚጠጣው ሕፃን ነው። ጸሐፊው ይህን ምክራቸውን ያንሱ። ለገበሬው የሚያስፈልገው በቆሎውን ከመሬት አንስቶ ሸራ ላይ ማድረቅ፣ የሻገተውንም ራስ ሳይፈለፈል ለይቶ ማስወገድ ነው።