ዕቃን ስለ መላክና ስለ ሥራ ልክ

ዕቃን በኢንተርኔት በሚሸጡ ነጋዴዎች መጋዘን ዋናው ሥራ ማከማቸት ሳይሆን የታዘዘውን በጊዜው አውጥቶ መላክ ነው። ትእዛዝ በደረሰ ጊዜ አንዱ ሠራተኛ ዕቃውን ከመደርደሪያው ፈልጎ ያወጣል፤ ሁለተኛው በካርቶን ያሽጋል። በታላላቆቹም መጋዘኖች ሣጥኑ በሚዛን ያልፋል፤ ክብደቱ ከተመዘገበው ጋራ ባይስማማ ለምርመራ ይመለሳል፤ ቢስማማ ግን አድራሻ ይለጠፍበትና እንደየአገሩ ተለይቶ በካሚዮን ይጫናል። ካሚዮኑም የሚነሣበት ሰዓት የተቈረጠ ስለ ሆነ፥ በበሩ ያለው ጥድፊያ ከመደርደሪያው አጠገብ እስከ ቆመው ሠራተኛ ድረስ ይደርሳል።

ሥርዓቱ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ሚዛኑ የሣጥኑን ክብደት እንጂ የሰውን ድካም አይመዝንም። ስለዚህ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ መንግሥት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፥ የመጋዘን አሠሪ የሚጠይቀውን የሥራ ልክ ለሠራተኛው በጽሑፍ እንዲያስታውቅ፥ ልኩም የምሳና የዕረፍት ጊዜን እንዳያስቀር አዘዘ።

ፍጥነት ለነጋዴው ትርፍ፥ ለገዢውም ምቾት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ልኩ ካልተጻፈ ሠራተኛው በምን እንደሚፈረድበት አያውቅም፤ ሹሙም የሚፈርድበትን አያገኝም። እንግዲህ እንዲህ ያለ መጋዘን በሚሠራበት አገር ሁሉ ከሚዛኑ አስቀድሞ ሕጉ ሊቆም ይገባል።