የባክቴሪያ ምደባ፦ የቃል ጥናት ወይስ ልኬት?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለባክቴሪያ ግን ለረዥም ዘመን ስም ሲያወጣ የኖረው ማይክሮስኮፕ ነው። ክቡ «ኮከስ»፣ በትር የመሰለው «ባሲለስ»፣ ጠምዛዛው «ስፓይሪለም» ተባለ። የግራምን ቀለም መያዝ አለመያዙ፣ የትኛውን ስኳር እንደሚያብላላ፣ ከኦክስጂን ጋር መስማማት አለመስማማቱ ተጨመረበትና መዝገቡ ተሟላ። ተማሪዎቻችንም ይህን መዝገብ በቃላቸው አጥንተው ይፈተኑበታል፤ ፈተናው ሲያልፍም ይረሱታል። የፊዚክስ ተማሪዎች ደግሞ «ባዮሎጂ የስም ጥናት ነው» በማለት ፊታቸውን ያዞሩበታል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። የባክቴሪያ ምደባ ዛሬ ልኬት ነው። ልኬት በመሆኑም እንደማንኛውም ልኬት የራሱ መሣሪያ፣ የራሱ የመለየት ወሰንና የራሱ ስሕተት አለው።

መልክ ዝምድናን አያረጋግጥም። የሌሊት ወፍ እንደ ወፍ ክንፍ አላት፤ ዝምድናዋ ግን ከአጥቢዎች ጋር ነው። ይህን ያወቅነው አጥንቷንና ጥርሷን መርምረን ነው። ባክቴሪያ ግን አጥንትም ጥርስም የለውም፤ ቅርጹም ከጥቂት ዓይነቶች አያልፍም። ስለዚህ የባክቴሪያዎችን ዝምድና በቅርጻቸው ለማወቅ መሞከር፣ ሰዎችን በቁመታቸው ደርድሮ የዘር ሐረጋቸውን ለመጻፍ እንደመሞከር ይቆጠራል።

መፍትሔው የመጣው ከሞለኪዩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኤሚል ዙከርካንድልና ላይነስ ፖሊንግ የዝግመተ ለውጥ ታሪክ በሞለኪዩሎች ውስጥ እንደ ሰነድ ተመዝግቦ እንደሚገኝ አስረዱ። ሐሳቡን በብራና መጻሕፍት መመሰል ይቻላል። አንድ ጸሐፊ ሲገለብጥ አንድ ፊደል ቢስት፣ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጡ ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይወርሳሉ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስሕተት የሚታይባቸው ቅጂዎች ከአንድ ምንጭ እንደተቀዱ እንረዳለን፤ የልዩነታቸው ብዛትም ምን ያህል እንደተራራቁ ይጠቁመናል። ጂንም ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚገለበጥ ጽሑፍ ነው።

ታዲያ የትኛውን ጽሑፍ እናነጻጽር? ለዚህ የሚመረጠው ጽሑፍ በሕያዋን ሁሉ ዘንድ የሚገኝ፣ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ሥራ ያለው፣ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው በቀላሉ የማይተላለፍና በዝግታ የሚለወጥ መሆን አለበት። እነዚህን መስፈርቶች ከሁሉ የተሻለ የሚያሟላው የራይቦዞም አር ኤን ኤ ነው። ራይቦዞም ፕሮቲን የሚገጣጠምበት የሕዋስ ክፍል ሲሆን፣ ያለ እርሱ የሚኖር ሕዋስ የለም። ከ50 በላይ ፕሮቲኖች ከአር ኤን ኤው ጋር ተያይዘው ስለሚሠሩ፣ አንዱን ክፍል አውጥቶ በባዕድ መተካት ቀላል አይደለም። በባክቴሪያ ራይቦዞም ውስጥ «16 ኤስ» የተባለው አር ኤን ኤ 1,500 ያህል ፊደላት አሉት፤ በኢ. ኮላይ ቁጥሩ 1,542 ነው። «ኤስ» የስዊድናዊው ኬሚስት የስቬድበርግ ስም ምሕፃር ሲሆን፣ አንድ ቅንጣት በሴንትሪፉጅ ውስጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚዘቅጥ የሚገለጽበት አሃድ ነው። የሞለኪዩሉ ስም ራሱ ከፊዚክስ ልኬት የተወሰደ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሥራውን የጀመረው ሰውም ከፊዚክስ የመጣ ነበር። ካርል ዎዝ (1928–2012) የመጀመሪያ ዲግሪውን በሒሳብና በፊዚክስ፣ ዶክትሬቱን በባዮፊዚክስ የያዘ ተመራማሪ ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባክቴሪያዎችን በራዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ ካሳደገ በኋላ አር ኤን ኤውን በኢንዛይም ይቆራርጥ፣ ቁርጥራጮቹን በኤሌክትሪክ መስክ ይለያይና በፎቶግራፍ ፊልም ላይ የሚተዉትን ነጠብጣብ ያነብብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ከጆርጅ ፎክስ ጋር ያወጣው ጽሑፍ ሚቴን የሚያመርቱ ደቂቅ ዘአካላት፣ በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ ቢመስሉም፣ ከባክቴሪያ የተለየ ጥንታዊ የዘር ሐረግ እንዳላቸው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1969 ዊቴከር ባቀረበው የአምስት «ኪንግደሞች» ሥርዓት ሁለቱም በአንድ ክፍል ተጠቃልለው ነበር። ብዙ ባዮሎጂስቶች አዲሱን ሐሳብ ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1990 ዎዝ፣ ካንድለርና ዊሊስ ሕይወትን በባክቴሪያ፣ በአርኬያና በዩካርያ ከፍለው ያቀረቡት ሥርዓት በስፋት ተቀባይነት አገኘ።

እስካሁን ያልነው የመሣሪያውን ኃይል ነው። የልኬት ትምህርት ግን ሁለተኛ ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገድደናል፤ መሣሪያው ምን ያህል ይለያል? የዕድሜ ልኬትን እንውሰድ። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ስለሆነ ከ50,000 ዓመት በላይ ለሆነው ነገር ብዙም አይረዳም። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት ድንቅነሽ ዕድሜዋ የታወቀው በሐዳር የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለው አርጎን ተለክቶ ነው። ለረዥም ዘመን ዘገምተኛ ሰዓት፣ ለአጭር ዘመን ፈጣን ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። የ16 ኤስ ጂን ዘገምተኛ ሰዓት ነው። በሁለት የባክቴሪያ ሐረጎች መካከል የ1 በመቶ ልዩነት፣ ማለትም የ15 ፊደላት ያህል፣ እስኪፈጠር በግምት 50 ሚሊዮን ዓመት እንደሚፈጅ እ.ኤ.አ. በ1987 ኦክማንና ዊልሰን አስልተዋል። ይህም ቢሆን ጥቅል ግምት ነው፤ ፍጥነቱ ከሐረግ ሐረግ ይለያያል፤ እንደ ራዲዮአክቲቭ መፈራረስ የጸና አይደለም።

ዘገምተኛው ሰዓት በቅርቡ የተለያዩትን ዘመዳሞች ለመለየት አይችልም። የሰው ሳንባ ነቀርሳ ዋና መንስኤ የሆነው ማይኮባክቴሪየም ቱበርክሎሲስና በዋነኛነት ከብትን የሚያጠቃው ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ የ16 ኤስ ጂናቸው አንድ ነው። ሁለተኛው ባልፈላ ወተት አማካኝነት ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል፤ ከመደበኛዎቹ የነቀርሳ መድኃኒቶች አንዱን፣ ፒራዚናማይድን፣ በተፈጥሮው ይቋቋማል። የ16 ኤስ ጂንን ብቻ ያነበበ ላቦራቶሪ «አንድ ናቸው» ይላል፤ ለበሽተኛው ግን አንድ አይደሉም። በዚህ ጊዜ በፍጥነት ወደሚለወጡ ሌሎች ክፍሎች ወይም ወደ ሙሉው ጂኖም መሄድ ግድ ይሆናል። እንዲሁም ሁለት ባክቴሪያዎች በዚህ ጂን ከ97 በመቶ በታች ከተመሳሰሉ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው የሚለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1994 በተመራማሪዎች የቀረበ የሥራ ስምምነት ነው፤ በኋላም ወደ 98.7 በመቶ ገደማ ከፍ ተደርጓል። ተማሪ ይህን ቁጥር እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ቢያጠና፣ ሰው የሠራውን ማስመሪያ ከሚለካው ነገር ጋር አደባለቀ ማለት ነው።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ እንዳልሆነ ዳሎል ይመሰክራል። አብዛኞቹ ደቂቅ ዘአካላት በላቦራቶሪ በቀላሉ ስለማይበቅሉ፣ ተመራማሪዎች ከውኃና ከአፈር በቀጥታ የራይቦዞም ጂን እያወጡ ያነብባሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በዳሎል እጅግ ደቃቅ ሕያዋን መገኘታቸውን ገለጸ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በአካባቢው ባሉ ጨዋማ ውኃዎች ብዙ ዓይነት አርኬያዎች ቢያገኝም፣ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ግን የሕይወት ማረጋገጫ አለመኖሩን አስታወቀ። እንደዚህ ቡድን አገላለጽ፣ በእነዚህ ኩሬዎች ናሙና የተገኙት ጥቂት ጂኖች ከውጭ የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶችም አሉ።

የፊዚክስ ተማሪ ይህን ክርክር ሊያውቀው ይገባል። በጋይገር ቆጣሪ የአንድን ናሙና ጨረር ከመለካቱ በፊት ናሙናው በሌለበት የአካባቢውን ጨረር ይለካል፤ ከድምሩም ይቀንሰዋል። የዳሎል ጥያቄም ይኸው ነው። ከተነበበው ጂን ውስጥ የኩሬው የትኛው ነው? የተመራማሪው እጅ፣ የነፋሱና የላቦራቶሪው ኬሚካል ያመጡትስ የትኛው ነው? ሥፍራው በአገራችን ይገኛል። ፍርዱን ሌሎች ሰጥተውን እኛ በቃላችን የምናጠና ከሆነ፣ የአገራችን ሳይንስ ከተመልካችነት አይወጣም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የባዮሎጂ መምህራን የስሞቹን ዝርዝር አሳጥረው፣ ለተማሪዎቻቸው የአራት ባክቴሪያዎችን የ16 ኤስ ጂን ቁራጭ ይስጡ። ጂኖቹ በሕዝባዊ የመረጃ ቋቶች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ተማሪዎቹ ልዩነቶቹን በእርሳስ ቆጥረው የርቀት ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ ከሠንጠረዡም የዘር ሐረግ ይሣሉ። ቀጥለውም «አንድ ፊደል በስሕተት ተነብቦ ቢሆን ሐረጉ ይለወጣል?» ተብለው ይጠየቁ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የፊዚክስ መምህራን ደግሞ ስለ ልኬት ስሕተት ስናስተምር ምሳሌያችንን ከፔንዱለምና ከማስመሪያ አልፈን ከሕያው ዓለምም እንውሰድ።

የስሞቹን መዝገብ በቃሉ የያዘ ተማሪ መዝገቡ ሲታረም ዕውቀቱ አብሮ ያረጃል። መዝገቡ በምን ተለክቶ እንደተጻፈና የት ላይ ሊስት እንደሚችል የሚያውቅ ተማሪ ግን የሚቀጥለውን እርማት ራሱ ሊጽፍ ይችላል።