ሁሉን የሚሰማው ሳጥን አያትን አይሰማም

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። አባት ኡበር ሊሠራ ወጥቷል፣ እናት ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ተኝታለች። ሳሎን የቀሩት የሰባት ዓመቷ ልጅና ከአዲስ አበባ የመጡት አያቷ ናቸው። ልጅቷ ሶፋው ላይ እንደተጋደመች «አሌክሳ!» ብላ በእንግሊዝኛ ትእዛዟን ታዥጎደጉዳለች። መብራቱ ይበራል፣ ዘፈኑ ይቀየራል፣ የነገው አየር ይነገራል። አያትም መዝሙር መስማት አምሯቸዋል። ቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠችውን ክብ ሳጥን አየት ያደርጉና ወደ ልጅቷ ዞረው «እስቲ ንገሪልኝ የኔ ልጅ» ይላሉ።

ልጅቷ ደስ ካላት ትነግርላቸዋለች። ካላሰኛት «ቆይ አያቴ» ትላለች።

ውጭ አገር ባሉ ብዙ የሐበሻ ቤቶች እንዲህ ያለው ጠዋት የተለመደ ሆኗል። ሲታይ ተራ ነገር ነው፣ እንዲያውም ያስቃል። ግን በዚያች ሳሎን ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ተፈጽሟል። ቤተሰቡን ያሳደጉ ሴት፣ በገዛ ልጃቸው ቤት መዝሙር ለመክፈት አስተርጓሚ አስፈልጓቸዋል። አስተርጓሚዋ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ናት።

ማብሪያ ማጥፊያው ሳይቀር ጣጣ አለው። አያት እንደ ልማዳቸው ሲመሽ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነው መብራቱን ያጠፋሉ። አምፖሉ በድምፅ የሚታዘዝ ከሆነ ግን ኃይል ሲቋረጥበት ከኢንተርኔቱም ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ቢጠሩት አይሰማም። «ማነው ግድግዳው ላይ ያጠፋው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሁሉም መልሱን ያውቀዋል። ሰማንያ ዓመት ሙሉ መብራት ሲያጠፉ የኖሩ እጆች ጥፋተኛ ይሆናሉ።

አማዞን የመጀመሪያውን ኤኮ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ነው። ጉግል በ2016፣ አፕል በ2018 የየራሳቸውን ስፒከር ይዘው ተከተሉ። አሌክሳ ከእንግሊዝኛ ሌላ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ጃፓንኛ፣ ሂንዲና ዐረብኛ ተምራለች። አማርኛ አልተማረችም። የሌሎቹም ስፒከሮች እንደዚያው ናቸው።

«ተናጋሪው ጥቂት ስለሆነ ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ ሕዝብ ቆጠራ ብቻ አማርኛን አፍ መፍቻዬ ያለው ሰው ከ21 ሚሊዮን በላይ ነበር። የጉግል ስፒከር ግን የዴንማርክንም የኖርዌይንም ቋንቋ ይናገራል፤ የሁለቱም አገሮች ሕዝብ በየራሱ ስድስት ሚሊዮን ገደማ ቢሆን ነው። ልዩነቱ የጆሮ ሳይሆን የኪስ ነው። ነጋዴ ገበያ ወዳለበት ይሄዳል፤ ይህ የሚያስገርም አይደለም።

«ቴክኖሎጂው አይችልም» የሚለውም አያስኬድም። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ስልክ ላይ የተነገረን አማርኛ ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። ስህተቱ ብዙ ነው፣ ግን ይሰማል። በአንድ ኩባንያ ቤት፣ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ አማርኛ ሲሰማ ሳሎን የተቀመጠው ስፒከር ደንቆሮ ነው። እንግዲህ የቸገረው ዕውቀት ሳይሆን ፍላጎት ነው ማለት ነው።

ፍላጎት ደግሞ ሲጠየቅ ይመጣል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ድንበር ማዶ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። ሕጉ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ነዋሪ አስተርጓሚና የተተረጎመ ሰነድ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም በዚሁ ሕግ ከሚሠራባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህ ከሰማይ የወረደ ስጦታ አይደለም፤ የስደተኛ ማኅበረሰቦች ተሟግተው ያገኙት ነው። ውጤቱ ግን ግራ ያጋባል። ዲሲ የምትኖር አንዲት እናት መንግሥት ቢሮ ሄዳ በአማርኛ የመስተናገድ መብት አላት። ቤቷ ስትመለስ ግን በራሷ ገንዘብ የተገዛው ዕቃ በቋንቋዋ አይታዘዝላትም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ መሣሪያ ለማን ይጠቅም እንደነበር ሲታሰብ ነው። እጁ ለሚንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ ለደከመ፣ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ከስልክ ይልቅ ድምፅ ይሻላል። ማንበብ አይጠይቅም፣ መነጽር አይፈልግም፣ ትንንሽ ቁልፍ አያስነካም። ለኢትዮጵያ ገበሬ፣ ለዓይነ ስውር ተማሪ፣ የስኳር መድኃኒታቸውን ሰዓት ለሚረሱ አያት፣ «ተናገርና ይሠራልሃል» ከሚል ቴክኖሎጂ የተሻለ የለም። ዛሬ ግን የሚታዘዘው ማንበብም፣ መጻፍም፣ መተየብም ለሚችሉት፣ እንግሊዝኛም ለሚያቀላጥፉት ነው። ለሌለው የተሠራው ዕቃ ላለው ተጨመረለት።

አንዳንዱ «ታዲያ ይተርጎም፣ አለቀ» ይል ይሆናል። በትርጉም ብቻ አያልቅም። አያት «መድኃኒቴን በሦስት ሰዓት አስታውሺኝ» ቢሉ ጠዋት ማለታቸው ነው፤ በፈረንጅ ሰዓት ዘጠኝ። ቃል በቃል የተረጎመ ሳጥን ስድስት ሰዓት ተሳስቶ ይጮኻል። «ጳጉሜን ስንት ነው?» ሲባል አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን ማወቅ አለበት። «ዛሬ የማን ቀን ነው?» ሲሉት ሚካኤል ይሁን ገብርኤል መመለስ አለበት። አማርኛን የሚያውቅ ሳጥን ማለት የአማርኛ ተናጋሪውን ቀን የሚያውቅ ሳጥን ማለት ነው።

የአጠራሩ ጉዳይም አለ። በእንግሊዝኛ መብራት ለማስበራት አንድ ትእዛዝ ይበቃል፤ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለታላቅ፣ ለታናሽ ያው ነው። በአማርኛ አብራ፣ አብሪ፣ አብሩ፣ ያብሩ አለ። ሳጥኗስ አያትን ስትመልስ «አንቺ» ልትል ነው ወይስ «እርስዎ»? ልጅቷን እንዴት፣ እንግዳውን እንዴት? ይህ ጌጥ አይደለም፤ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ አክብሮትን የሚማረው በዚሁ ነው። አማዞን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 በልጆች ስፒከሩ ላይ «እባክሽ» ብሎ የጠየቀን ልጅ የሚያመሰግን ነገር ጨምሯል። ልጆች ማዘዝን ብቻ እየተማሩ ነው የሚል ስጋት ከአሜሪካ ወላጆችም ዘንድ ነበረ ማለት ነው። አማርኛ ይህን ትምህርት ግሱ ውስጥ ከጥንትም ይዞታል፤ የጎደለው ልጁ የሚለማመድበት ቦታ ነው።

እስከዚያው የሚጎብጠው ሰው ነው። አባት የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ሲፈልግ «ጥ»ን እንደ «ት» አላልቶ፣ «ገሠሠ»ን በፈረንጅ አፍ ሰባብሮ ይጠራዋል፤ አለበለዚያ ሳጥኗ ሌላ ዘፋኝ ታመጣለች። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ እንግሊዝኛ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ጸጋዬ «ሰጋዬ» ይሆናል። ልጅ ደግሞ አጠገቡ ቆማ ትሰማለች። አባቷ የአገሩን ዘፋኝ ስም በትክክል ሲጠራ እንደማይሰማ፣ ሲያበላሸው ግን እንደሚሰማ ትማራለች። ማንም ሳያስተምራት የተማረችው ትምህርት ይህ ነው።

«ትንሽ ሳጥን ላይ ይህን ያህል ማካበድ ምን ይባላል? ልጁን እንግሊዝኛ የሚያናግረው ትምህርት ቤቱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ጓደኛው ነው» የሚል ሰው እውነት አለው። ልዩነቱ ግን ቴሌቪዥን ይናገራል እንጂ አይመልስም፤ ሬዲዮም እንደዚያው። ይህ ዕቃ ይመልሳል። ቋንቋ ደግሞ የሚኖረው መልስ ባለበት ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ይነገርባቸው የነበሩት ቃላት «ስንት ሰዓት ሆነ?»፣ «መብራቱን አጥፋው»፣ «ዛሬ ይዘንባል እንዴ?» የመሳሰሉት ናቸው። ትልቅ ቅኔ አይደሉም። ግን ልጅ ቋንቋ የሚማረው በእነዚህ ነው፤ አያትም ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚያወሩት በእነዚህ ነበር። አሁን ጥያቄዎቹ ወደ ሳጥኗ ሄዱ፤ ከጥያቄዎቹም ጋር ቋንቋው።

ሌላው ነገር የጆሮው ጉዳይ ነው። «ግድግዳም ጆሮ አለው» እየተባለ ያደገ ትውልድ፣ በደርግ ዘመን ከቀበሌ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ትውልድ፣ ዛሬ ጆሮውን ገንዘብ ከፍሎ ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰክቶታል። ሳጥኗ አማርኛ አይገባትም ማለት አትቀዳም ማለት አይደለም። ስሟን የሰማች ሲመስላት ትነቃለች፣ ቀጥሎ የተባለውን ወደ ኩባንያው ኮምፒዩተር ትልካለች። «ልጁ ለምን አለቀሰ?» የሚለው የእናት ጥያቄ ለፈረንጅ ጆሮ ከ«አሌክሳ» ስንት እርምጃ ይርቃል?

ቀልድ የሚመስለው ነገር በእውን ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በፖርትላንድ ከተማ የአንድ ቤተሰብ የግል ወሬ ተቀድቶ ለሚያውቁት ሰው ተልኳል፤ አማዞን የሰጠው ማብራሪያም መሣሪያው ስሙንና ትእዛዝ የሚመስሉ ቃላትን በስህተት ሰምቷል የሚል ነበር። በ2019 የአማዞን፣ የጉግልና የአፕል ቅጂዎችን ሰዎች ተቀምጠው እንደሚያዳምጡ ጋዜጦች ይፋ አወጡ። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት አማዞን የልጆችን ድምፅ ያላግባብ አስቀምጧል ብሎ በከሰሰው ጊዜ ኩባንያው 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በማርች 2025 ደግሞ በአንዳንድ የኤኮ መሣሪያዎች ላይ ድምፅ ወደ ኩባንያው እንዳይላክ ማድረግ ይቻልበት የነበረው ምርጫ ቀረ። ባጭሩ፣ ሳጥኗ አያትን ለመታዘዝ አትሰማም፤ ለመቅዳት ግን ልትሰማ ትችላለች።

ታዲያ መፍትሔው አውጥቶ መጣል ነው? አይደለም። ለደከመች እናት እጇ ሊጥ ውስጥ እያለ ሰዓት የሚቆጥርላት ዕቃ ጥቅም አለው። ግን ቤተሰብ ደንብ ማውጣት ይችላል። ሳጥኗ ላይ ማይክ መዝጊያ ቁልፍ አለ፤ ምሳና እራት ላይ፣ ቡና ሲፈላ፣ የአገር ቤት ጉዳይ ሲወራ ይዘጋ። በየጊዜው በስልክ አፑ ገብቶ የተቀዳውን መሰረዝም ይቻላል። ከሁሉ በላይ «አያትሽን ጠይቂ» የሚባልበት ነገር በቤቱ ይኑር። አየሩን ሳጥኗ ትናገር፤ ተረቱን፣ የዘመዱን ስም፣ የበዓሉን ቀን ግን አያት ይንገሩ።

ሁለተኛው ሥራ ከቤት ይወጣል። ማሽን ቋንቋ የሚማረው ከተቀዳ ድምፅ ነው። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ለዚሁ ሥራ ያዘጋጁት የታወቀ የአማርኛ ድምፅ ስብስብ 20 ሰዓት ገደማ ነበር። ኦፕንኤአይ በ2022 ያወጣው ዊስፐር የተባለው ሥርዓት ደግሞ በተለያዩ ቋንቋዎች በተሰበሰበ 680,000 ሰዓት ድምፅ ሠልጥኗል፤ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ክፍተቱ ይህን ያህል ነው። ሞዚላ በሚያስተባብረው ኮመን ቮይስ ላይ ማንም ሰው ስልኩን ይዞ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በአማርኛ በማንበብ ድምፁን መለገስ ይችላል። የአገር ቤት ሬዲዮ ጣቢያዎች የአሥርት ዓመታት ድምፅ አላቸው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ አላቸው። የጎንደሩም፣ የወሎውም፣ የሸዋውም አነጋገር፣ የአዛውንቱም የልጁም ድምፅ መግባት አለበት። ግን ከመስጠት በፊት መጠየቅም ያስፈልጋል፦ ድምፁ የማን ንብረት ይሆናል? ለምን ይውላል? ቋንቋን በነፃ ሰጥቶ መልሶ በወር ክፍያ መግዛት እንዳይሆን።

ሦስተኛው ዲሲ ላይ የታየው መንገድ ነው። ኩባንያዎቹ ቢሯቸው የታወቀ ነው፤ ደንበኞቻቸው ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች አሉ፤ ከሠራተኞቻቸውም መካከል ሐበሻ አይጠፋም። ተደራጅቶ ያልጠየቀ ገበያ መስሎ አይታይም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ዓመታት ያልፋሉ። የአያት ዓመታት ግን የተቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ የቅዳሜው ጠዋት መስተካከል ያለበት ዛሬ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ኩባንያም መንግሥትም አያስፈልግም። አያት «ንገሪልኝ» ሲሉ ልጅቷ «ቆይ» እንዳትል ማስተማር ይበቃል። ትነሳ፣ ትጠይቃቸው፣ የትኛውን መዝሙር እንደሚፈልጉ ስሙን ከአፋቸው ትማር፣ ከዚያ ሳጥኗን ትዘዝላቸው። ሳጥኗ ስሙን ካላወቀችው ይበልጥ ጥሩ ነው። አያት ራሳቸው ይዘምሩላታል።