የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ በጋላክሲዎች መካከል ስላለው ምድረ በዳ

ስለ ከዋክብት ብርሃን ብዙ ተጽፎ ሳለ በጋላክሲዎች መካከል ስለ ተዘረጋው ምድረ በዳ የተነገረው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ይህን እትም ለእርሱ ሰጥተነዋል። በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሮበርት ኪርሽነርና ባልደረቦቹ፣ እርስ በርሳቸው በተራራቁ ሦስት ጠባብ የሰማይ ክፍሎች የሚታዩትን ጋላክሲዎች ርቀት፣ ብርሃናቸው ወደ ቀይ ካዘነበለበት መጠን ተነሥተው ሲለኩ፣ ከፊትም ከኋላም ጋላክሲ እየተቆጠረ በመካከሉ ግን ምንም ያህል ያልተገኘበት፣ ወርዱ 300 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሆነ ባዶ ስፍራ በቦኦቴስ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ ገጠማቸው። ኋላ በተደረገው ምርመራ ጥቂት ዐሥርት ጋላክሲዎች ተገኝተውበታል፤ ይኸን በሚያህል ስፍራ በሺህ የሚቆጠሩ ሊኖሩ ይገባ ነበርና ባዶ መባሉ አልቀረለትም።

የዚህ ባዶነት ምክንያት ስበት ነው። በጥንተ ዓለም ቁስ አካል በጥቂቱ የሳሳበት ስፍራ፣ ያለውን ለጎረቤቱ እያስረከበ፣ ባለጸጋው ሲከብር ድኻው እንደሚራቆት ያለ ሆኖ (ፍርዱ ቢከብድም) በዘመናት ብዛት ባዶውን ቀረ።

የሒሳብ ምልክት የበዛባቸውን ገጾች መዝለል አንባቢን አያስነቅፍም፤ የቦኦቴስን ካርታ ግን ሳይመለከቱ እንዳያልፉ አደራ እንላለን።