«ሐሙስ ሸክላ አለኝ»

እኛ አገር ጡረታ የወጣ ሰው የሚጠየቀው ሁለት ጥያቄ ነው። «ጤናዎ እንዴት ነው?» እና «አሁን ምን እየሠሩ ነው?»። ለሁለተኛው ጥያቄ የሚያስኬዱት መልሶች ይታወቃሉ፤ ሱቅ ከፍቻለሁ፣ ዕድር ላይ ተመርጫለሁ፣ የልጅ ልጅ እያሳደግሁ ነው፣ ቤተ እግዚአብሔር እመላለሳለሁ። «ሸክላ እየተማርኩ ነው» የሚል መልስ ግን የለም። አንድ የ61 ዓመት ሰው እንዲህ ብሎ ሲመልስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የሰማሁት ከአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከአክስቴ።

አክስቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል 34 ዓመት ሠርታ፣ 60 ዓመት ሲሞላት ጡረታ ወጣች። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ቀጨኔ እየሄደች፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ዘንድ ከፍላ ጀበና መሥራት ትማራለች። ቤቷ ውስጥ አንዲት ድመት አለች። ቅዳሜ ጠዋት ድፎ ትደፋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ይቺ ታህል ነገር ዘመድ አዝማዱን ለሁለት ትከፍላለች ብሎ ማን ያስባል?

ነገሩ የጀመረው የአክስቴ ልጅ ሚስት ወልዳ የወሊድ ፈቃዷ ያለቀ ጊዜ ነው። የሞግዚት ደመወዝ የት እንደደረሰ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሁሉም «እሷ ቤት ናት አይደል?» ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ጉዳዩን ጨረሰው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ሕፃኑን እንድትይዝ ተወሰነ። ለባለቤቷ ለአክስቴ የተነገራት እሑድ ምሳ ላይ ነው። እሷም እንጀራዋን እየጠቀለለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ «ማክሰኞና ዓርብ አምጡልኝ፤ ደስ ይለኛል። ሐሙስ ግን ሸክላ አለኝ» አለች።

ዝም ተባለ። ከዚያ አንዱ አጎቴ ሳቀና «ሸክላ ከልጅ ልጅ በለጠ?» አላት። ጥያቄው እስካሁን ድረስ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እየተንከባለለ ነው።

እኔ የአክስቴ ወገን ነኝ። ስለምወዳት ብቻ አይደለም። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነውና ክርክሬንም በዚያው መንገድ ላቅርብ።

አክስቴ ሥራ ላይ እያለች የሰዓቷ ዋጋ ይታወቅ ነበር፤ ደመወዟን ለሠራችበት ሰዓት ማካፈል ነው። ጡረታ በወጣች ማግሥት ግን ያ ዋጋ በዘመድ ሁሉ ስምምነት ዜሮ ገባ። ሰልፍ የሚይዝ ሰው ሲጠፋ እሷ ትጠራለች፤ ለቅሶ ቤት የሚያመሽ ሲጠፋ እሷ፤ ዲሽ የሚያስተካክል ልጅ ሲመጣ በር የሚከፍትለት ሲጠፋ እሷ። ዋጋ የሌለው ነገር ምን እንደሚደርስበት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቃል፤ ተሟጦ እስኪያልቅ ሁሉም ይቀዳዋል። የአንድ ሰዓት ዋጋ ግን በሚከፈልበት ብር ብቻ አይለካም። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ሌላ ምን ሊያደርግበት ይችል ነበር በሚለውም ይለካል። ክፍል ውስጥ ኦፖርቹኒቲ ኮስት እያልን ስናነበንበው የኖርነው ይህንኑ ነው። አክስቴ ሐሙስን አሳልፋ ስትሰጥ የምታጣው ነገር ከሌለ፣ እውነትም ሐሙስ ዋጋ የለውም። ሸክላው ሲመጣ ሐሙስ ዋጋ አገኘ። ዘመዶቼን ያስደነገጣቸውም ይህ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ይህ የአጎቴ ችግር ብቻ አይደለም፤ የሙያዬም ነው። ከዳቦ ቤት የገዛችሁት ዳቦ የአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት ውስጥ ይቆጠራል። አክስቴ የደፋችው ድፎ ግን ዱቄቱ እንጂ ድካሟ አይቆጠርም። በ1934 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ አስልቶ ለኮንግረስ ያቀረበው ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ፣ የቤት ውስጥ ሥራ ከስሌቱ ውጭ መቅረቱን በሪፖርቱ ገልጾ ነበር። በዚያው ዓመት ማርጋሬት ሪድ የምትባል ኢኮኖሚስት ስለ ቤት ውስጥ ምርት አንድ መጽሐፍ አወጣች። የሰጠችው መለያ ቀላል ነው፤ አንድን ነገር ሌላ ሰው ቀጥራችሁ በእናንተ ፈንታ ልታሠሩት ከቻላችሁ ሥራ ነው። በዚህ መለያ ድፎው ምርት ነው፤ ሰው ቀጥሮ ማስደፋት ይቻላል። ድመቷን ማሻሸት ግን? «ሂድና በእኔ ስም ድመቴን አሻሽተህ ና» ብሎ የሚቀጥር ሰው የለም። ሸክላው ከሁለቱም ወገን ነው። ጀበናውን መግዛት ይቻላል፤ ጭቃው ፊት መቀመጡን ግን ለሌላ ሰው መስጠት አይቻልም።

«ይህ የሀብታም ወግ ነው» የሚል አስተያየት ከወዲሁ ይታየኛል። እሺ፣ ሒሳቡን እንሥራው። አክስቴ የወጣችበት ሕግ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨምራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የ34 ዓመት አገልግሎት እንግዲህ 60 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። ይህም የድሮ ደመወዝ 60 በመቶ ነው፤ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የሆነባቸውን ዓመታት ደግሞ ሁላችንም አልፈንባቸዋል። ሀብታም የሚባል ሰው እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። ሦስቱ ነገሮች፣ የሸክላው ክፍያ፣ የድመቷ ወጪና የድፎው ዱቄት፣ ተደምረው ከጡረታዋ አሥር እጅ አንዱን አይሞሉም፤ አብረን ደምረናቸዋል። አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ኮንዶሚኒየሙ የራሷ ነው። ቤት ኪራይ ብትከፍል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። ጡረታ የሚባል ነገር ጭራሽ የሌላቸው፣ እርሻ ላይ ወይም ጉልት ላይ የሚያረጁት ደግሞ ከዚህ ወሬ ሁሉ ውጭ ናቸው። አገሩን የሞሉትም እነሱ ናቸው።

ጋግሮ መብላት ለጡረተኛ ገንዘብ ማባከን እንዳልሆነ ግን በጥናትም ታይቷል። አሜሪካኖቹ ማርክ አጊያርና ኤሪክ ኸርስት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ አንድ የቆየ እንቆቅልሽ አንስተው ነበር። ሰው ጡረታ ሲወጣ ለምግብ የሚያወጣው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ተራበ ማለት ነው? አይደለም። የሚበላው ምግብ በመጠንም በጥራትም አልቀነሰም። የተለወጠው ነገር ለገበያና ለማብሰል የሚሰጠው ሰዓት ነው፤ ገንዘቡ ሲቀንስ ጊዜው ተተካ። የአክስቴ ቅዳሜም ይህንኑ ነው።

እስኪ ስለዚያ ቅዳሜ ትንሽ ልንገራችሁ። ሊጡ ዓርብ ማታ ይቦካል። ኮባው ከሾላ ገበያ ይመጣል። ሥራ ላይ እያለች ድፎ የምትደፋው ለዓመት በዓል ብቻ ነበር፤ እሱንም ሌሊት ላይ፣ እንቅልፏን እያንጎላጀች። አሁን ሊጡ ኩፍ እስኪል ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ስለሆነ እሳቱ ከሥር ብቻ ነው፤ እንደ እናቷ ከላይ ፍም የማድረግ ነገር የለም። ስለዚህ መሀል ላይ መገልበጥ አለበት፤ መገልበጡ ደግሞ ሁለት ሰውና አንድ «በስመ አብ» ይጠይቃል። ጥቁር አዝሙዱ ሲሸት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ከዚያ አራት በር ይንኳኳል፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቁራሽ። ስትወጣ ስትወርድ ሰላም እንኳ የማይሏት ጎረቤቶች ስሟን ያወቁት በዚህ ነው።

እና የአክስቴ ልጅ፣ ያው የሕፃኑ አባት፣ ይህን አይቶ ምን አለ? «እማዬ፣ ይሄ እኮ ቢዝነስ ነው! ቲክቶክ እንክፈትልሽ፣ በዴሊቨሪ እንሽጠው።» እኛ ወጣቶች የሚያምር ነገር ስናይ አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው ይህ ነው፤ «ለምን አትሸጪውም?» ምስጋና መስሎን ነው የምንለው። ኑሮው ስላስጨነቀንም ነው፤ እኔ ራሴ ፍሪላንሰር ነኝ፤ ጽሑፌን፣ ሰዓቴን፣ አንዳንዴም አስተያየቴን እሸጣለሁ። አክስቴ ግን የ34 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ወረቀት አውጥታ አሰላችው። የራሷን ሰዓት ካልቆጠረች ያተርፋል። ከቆጠረችው ያከስራል። «እንግዲህ ጡረታ የወጣሁት በትንሽ ደመወዝ ልቀጠር ነው?» አለችው። ልጁ መልስ አልነበረውም።

ጀበናውን መሸጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቀጨኔ ሸክላ መዝናኛ አይደለም፤ እንጀራ ነው። አፈሩን መውቀጥ፣ መንፋት፣ ማራስ፣ ማሸት፣ ከዚያ ያለ ማሽን በእጅ ማውጣት፣ በጥላ ማድረቅ፣ እሳት ላይ መተኮስ፤ አብዛኛው ሥራ የሴቶች ነው፤ ጭሱም የእነሱ ነው። አክስቴ ከጡረታዋ እየደጎመች በርካሽ ጀበና ገበያ ብታወጣ የምትሻማው ከማን ጋር ነው? ካስተማረቻት ሴትዮ ጋር። እየከፈለች መማሯ ግን ለዚያች እናት ጀበና ሳይሰበር፣ ሳይከሰር የሚገባ ገቢ ነው። ለማንኛውም ገበያው የሚሰጋበት ጊዜ ገና ነው። እስካሁን ከሠራቻቸው አራት ጀበናዎች ሁለቱ እሳት ላይ ፈነዱ፤ አንዱ አንገቱ ተጣመመ፤ አራተኛው ተሟሽቶም ያፈሳል። በአንገቱ ብቻ ሦስት ወር ለፍታበታለች።

ከሰው አፍም አላመለጠችም። «ከዚያ ሁሉ ትምህርት በኋላ ሸክላ?» ያሏት አሉ። አንዲት የዕድር ጓደኛዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ቡዳ አንስታባታለች። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ ያስነገሩት ስንት ዘመን ሆነው? በጀበናው የተፈላውን ቡና እየጠጣን ጀበናውን የሠራችውን እጅ የምንጸየፍ ሰዎች ነን። ይህ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ልለፈው።

ድመቷ ስሟ ውሮ ነው። አዎ፣ ከዚህ የቀለለ ስም አይገኝም። አክስቴ ጡረታ በወጣች በመጀመሪያው ወር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳና ለባብሳ ሶፋ ላይ ቁጭ ትላለች፤ የሚወስዳት ሰርቪስ የለም፣ ስልኳ አይጮህም። ውሮን ደረጃ ሥር አገኘቻት። አሁን 12 ሰዓት ላይ ማድ ቤት በር ላይ የሚጮህ ፍጥረት አለ፤ ስለዚህ የመነሳት ምክንያት አለ። እኛ ጋ እንስሳ እንኳ ያለ ሥራ አይኖርም፤ ውሻ ይጠብቃል፣ ድመት አይጥ ይይዛል። ውሮ አይጥ ይዛ አታውቅም። «እዚህ ቤት ሁለት ጡረተኞች ነን» ትላለች አክስቴ። ድመት ለማሳደግ ካሰባችሁ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለድመትም ያስፈልጋታልና በየዓመቱ አስከትቡ፤ በሽታው አንዴ ምልክቱ ከታየ አያድንም።

እኔ 26 ዓመቴ ነው። 60 እስኪሞላኝ 34 ዓመት ይቀረኛል፤ ልክ አክስቴ የሠራችውን ያህል። ከደመወዜ ላይ 7 በመቶ ቆርጦ፣ 11 በመቶ ጨምሮ ጡረታ የሚያስገባልኝ ቀጣሪ የለኝም፤ ብዙዎቻችሁም እንደኔ ናችሁ። የገንዘቡ ነገር ያሳስበኛል። ግን ከገንዘቡ እኩል የሚያሳስበኝ፣ ስልኩን ብትወስዱብኝ በባዶ ሐሙስ ምን እንደማደርግ አለማወቄ ነው። አክስቴ እጇን የፈታችው በ60 ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿ ቀድመው ቢጀምሩ ኖሮ ያ አንገት አይጣመምም ነበር ትላለች መምህርቷ።

ቢያንስ አሁን ልናደርገው የምንችለው አንድ ነገር አለ። እኛ ሰፈር ያለው የወጣቶች ማዕከል ከሰዓት በኋላ ይሞላል፤ ጠዋት ጠዋት ግን አዳራሹ ባዶ ነው፤ ውኃ አለው፣ መብራት አለው፣ ጠረጴዛ አለው። ጡረተኞች በዚያ ሰዓት ቢጠቀሙበት፣ ከቀጨኔ አንዲት መምህርት በክፍያ ብትመጣ፣ ማንን ይጎዳል? ሁለት ጎረቤቶችና እኔ ለወረዳው ደብዳቤ ጽፈናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። አክስቴ ረቂቁን አንብባ አንድ ነገር ብቻ አስተካከለች። «ከሰኞ እስከ ዓርብ» የሚለውን «ከሐሙስ በስተቀር» አስባለችው።